ሳይቃጠል በቅጠል፦ የምድጃችንን ደኅንነት እንጠብቅ



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ምንጭ ውሃ አጠባበቅ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከውሃ ወደ እሳት እንሻገራለን። የምንነጋገረው ስለ ቤታችን ምድጃ ነው።

«ስለ ምድጃ ደግሞ ምን የሚነገር አለ? ከልጅነታችን ጀምሮ ስናነድ ኖረን የለም እንዴ?» የምትሉ እናቶች ትኖሩ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኛ ስለ እሳት ማንደድ ብንነግራችሁ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ያሰኝብናል። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ማንደድ አይደለም። ስለ መጠበቅ ነው። ማንደድና መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ገበሬ ከእርሻ በፊት ሞፈሩንና ቀንበሩን ያያል። የላላውን ያጠብቃል፤ የተሰበረውን ይለውጣል። ማረሻው ሲዶለዱም ያስላል። የቤት ክዳን ሲሳሳ ሣር ይጨመርበታል። ምድጃስ? ምድጃን ዞር ብሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ድስቱ እስኪገለበጥ፣ ምጣዱ እስኪሰነጠቅ፣ ጣራው እሳት እስኪይዝ ድረስ ዝም ይባላል። ከዚያ በኋላ ኡኡታ ነው። ቤት ከነደደ በኋላ ጎረቤት ቢሰበሰብ ምን ዋጋ አለው? ለዚህ ነው «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው።

ከምድጃ የሚመጡ ሦስት ጉዳቶች

አንደኛው ቃጠሎ ነው። ቃጠሎ ሰውን ይጎዳል፤ ቤትንም ያወድማል። የሣር ክዳን ያለው ቤት አንዴ ከተያያዘ ለማዳን ጊዜ አይሰጥም። በጎተራ ያለው እህል፣ በጓዳ ያለው ዘር፣ በበረት ያለው ጥጃ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጭስ ነው። ጭስ ዓይን ያስለቅሳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ጭስ በዚያ አያበቃም። ወደ ሳንባ ይገባል። ሲደጋገም ሳል ያመጣል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። እናት ሕፃኗን አዝላ ስትጋግር ጭሱን የምትስበው እሷ ብቻ አይደለችም። ሕፃኑም ይስባል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጭስ ምክንያት በሳንባ ምች በቀላሉ ይያዛሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ ሞተዋል። ቁጥሩን በደብተራችሁ በአኃዝ ጻፉት፦ 3,200,000።

ሦስተኛው መታፈን ነው። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም፤ አይሸትም። ስለዚህ ወደ ኋላ ላይ ለብቻው እንመለስበታለን።

በየቀኑ የሚሠራ ሥራ

1. አመድ ማውጣት። አመድ ሲከመር አየር ወደ እሳቱ አይገባም። አየር ያጣ እሳት ደግሞ ይጨሳል። ስለዚህ ጧት ጧት አዲስ እሳት ከመቀጣጠሉ በፊት የትናንቱ አመድ ይውጣ።

አመዱን የት ነው የምንደፋው? እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማታ ፍም በአመድ ታዳፍናላችሁ። ጧት ስትገልጡት ፍሙ እንዳለ ታገኙታላችሁ፤ አይደለም? ከቤት ጀርባ የደፋችሁት አመድ ውስጥ ያለ ፍምም እንደዚያው ሳይጠፋ ያድራል። ነፋስ ሲመጣ ይገለጣል። አጠገቡ ጭድ ወይም የደረቀ ሣር ካለ ይያያዛል። ስለዚህ አመድ ጉድጓድ ይቆፈርለት። ጉድጓዱ ከቤትና ከክምር የራቀ ይሁን። አመዱ ላይ ትንሽ ውሃ ይርጨፍጨፍበት። ሲበርድ ለጓሮ አትክልት ይጠቅማል።

2. ማታ እሳትን በደንብ ማዳፈን። ከመተኛት በፊት የቀረው ፍልጥ ከእሳቱ ይውጣና ይጥፋ። ፍሙ ብቻ በአመድ ይዳፈን። በዙሪያው ጭራሮ፣ ገለባ ወይም ጨርቅ አይደር።

3. እሳት ሲጫር መጠንቀቅ። ከጎረቤት እሳት የሚጭር ሰው ፍሙን በገል አድርጎ በሌላ ገል ይክደነው። እሳት ለመጫር ትንሽ ልጅ አይላክ። በጥርና በየካቲት ነፋስ ሲበረታ አንድ ብናኝ ፍም አንድ ክምር ሊያነድ ይችላል።

በየሳምንቱ የሚታይ ነገር

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጡ ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን የላላ ጉልቻ ወጡን ይደፋል፤ የፈላ ውሃ ልጅ ላይ ይገለብጣል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን እንፈትነው። አፈታተኑ ቀላል ነው። እሳት በሌለበት ሰዓት ድስቱን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ ጣዱት። በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አድርጉት። ከተወዛወዘ ጉልቻው ወደ መሬት ይቀበር፤ በጭቃም ይጠብቅ። አዲስ ጉልቻ ሲመረጥ ደግሞ ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ አይሁን። በውስጡ ያለው ውሃ ሲግል ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል።

ምጣዱንም እንዲሁ እዩት። ቀዝቅዞ ሳለ በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት። ደኅና ምጣድ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀ ምጣድ ድምፁ የታፈነ ነው። ስንጥቁ ከጠርዝ ወደ መሐል የገባ ምጣድ ጋግሩበት አንልም። በጋገራ መሐል ለሁለት ከተከፈለ እሳቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጋጋሪዋን እጅና ፊት ያገኛል። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ምጣድ ይሰነጥቃል። ምጣድ በራሱ ጊዜ ይብረድ። ማሰሻው ጨርቅ ዘይት የጠጣ ስለሆነ በቶሎ ይነዳል። ከእሳቱ ዳር አይቀመጥ።

በየወሩ የሚሠራ ሥራ

ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩ። ከምድጃው በላይ ምን ተንጠልጥሏል? ጥቁር ጥቀርሻ አይደለም? ጥቀርሻ ያልነደደ የጭስ ትራፊ ነው። ፍንጣሪ ሲያገኘው ይነዳል፤ ሲነድም ክዳኑን ይይዛል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ እሳት በሌለበት ሰዓት በረጅም መጥረጊያ ይጠረግ። የሚጠርገው ሰው አፉንና አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍን። ድስቶቹና እንስራው ቀድመው ይውጡ።

ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ እንጨት የሚያደርቁ ቤቶች አሉ። እንጨት መድረቁ መልካም ነው። ቦታው ግን መልካም አይደለም። እንጨት በፀሐይ ይድረቅ፤ ከደረቀም በኋላ ከእሳቱ ቢያንስ አንድ ትልቅ እርምጃ ይራቅ። የጤፍ ጭድ፣ ጆንያ፣ የላምባ ጠርሙስ እንዲሁ ይራቁ።

የጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ምድጃ ያላችሁ ደግሞ ቱቦውን ጥረጉ። ቱቦ በጥቀርሻ ሲዘጋ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። ቱቦው በሣር ክዳን መሐል የሚያልፍ ከሆነ ሣሩ ቱቦውን መንካት የለበትም። በመሐሉ ቆርቆሮ ወይም ወፍራም የጭቃ ምርግ ይኑር።

ክረምት ሳይገባ

በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ምርመራ ይደረግ። ጊዜው ግንቦት ቢሆን ይሻላል። ለምን? ክረምት ሲገባ እንጨት ይርሳል፤ በር ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ እሳት ዙሪያ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ የተበላሸ ምድጃ የበለጠ ይጎዳል።

በግንቦት ደረቅ እንጨት ተፈልጦ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ይከመር። እርጥብ እንጨት ብዙ ይጨሳል፤ ሙቀቱ ግን ትንሽ ነው። ቀጠን ተደርጎ የተፈለጠ እንጨት ከግንዱ ይልቅ ጥሩ ይነዳል። የማጀቱ መስኮት ወይም የጭስ ቀዳዳ ተዘግቶ ከሆነ ይከፈት። መስኮት የሌለው ማጀት ከሆነ ከፍ አድርጎ መክፈት ነው። የተሸነቆረው የምድጃ መደብ በጭቃ ይመረግ።

ይህ የማን ሥራ ነው? «ምድጃ የሴት ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ግድግዳ የሚመርገው ማነው? ጣራ የሚከድነው ማነው? ምርግና ክዳን የሚያውቅ አባወራ መስኮት መክፈትና መደብ መምረግ አያቅተውም። ጭሱን የምትውጠው እናት ናት። ቤቱ ሲቃጠል ግን የሚጠፋው የሁሉም ነው።

ስለ ከሰል

አሁን ለብቻው እንመለስበታለን ወዳልነው ነገር እንምጣ።

አንድ ቤተሰብ እንበል። የሐምሌ ብርድ ነው። ቤት ውስጥ አራስ አለች። ሕፃኑ እንዳይበርደው ተብሎ ከሰል በማንደጃ ተቀጣጥሎ ይገባል። ጭሱ በውጭ አልቋል፤ ፍሙ ቀልቷል፤ ሲያዩት ደስ ይላል። በር ይዘጋል፤ የግድግዳው ቀዳዳ በጨርቅ ይወተፋል። ሁሉም ይተኛል። ጧት ጎረቤት ቢጣራ መልስ የለም።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስ አንዳንዶች «መጋኛ መታቸው» ይላሉ። መጋኛ አይደለም። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ነው። ይህ አየር የሚወጣው ከሰል ወይም እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ነው። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ሰው ሲተነፍሰው ወደ ደም ይገባና ንጹሕ አየር የሚጓዝበትን ቦታ ይይዛል። ልብና አእምሮ ንጹሕ አየር ያጣሉ። በመጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል። ቀጥሎ ሰው ራሱን ይስታል። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቅ በዚያው ይቀራል።

ጭስ የለውም ብላችሁ አትታለሉ። ጭሱ ያለቀ ቀይ ፍም ነው ይህን አየር በብዛት የሚያወጣው። ስለዚህ ሦስት ነገር ያዙ፦

አንደኛ፣ ከሰል በውጭ ይቀጣጠል። ለቡናም ቢሆን ሲገባ በርና መስኮት ይከፈት።

ሁለተኛ፣ ከሰል በሚነድበት ቤት ማንም አይተኛ። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ይውጣ። አራስና ሕፃን በልብስና በጋቢ ይሙቁ።

ሦስተኛ፣ እሳት ባለበት ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ወዲያውኑ ወደ ውጭ ውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ በሩን ክፈቱ፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ወተት ወይም ውሃ አታጠጡት፤ ያንቀዋል። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ቢነቃም ይታይ።

ልጆችና ሕሙማን

ሕፃን መዳህ ሲጀምር እሳት ያምረዋል። ምድጃው መሬት ላይ ከሆነ እጁ ይደርሳል። ስለዚህ ምድጃው ከፍ ባለ የጭቃ መደብ ላይ ቢሠራ ይመረጣል። ካልሆነም በዙሪያው አጥር ቢጤ ይደረግ። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። የፈላ ውሃ በሕፃን መተላለፊያ አይቀመጥ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በቤታችሁ ካለ እሳት አጠገብ ብቻውን አይተው። ብዙዎች እንዲህ ያለ ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ «ይጋባል» ብለው ለመንካት ይፈራሉ። ይህ ስሕተት ነው። የሚጥል በሽታ በመንካት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የወደቀውን ሰው ፈጥናችሁ ከእሳቱ አውጡት። በሽታውም መድኃኒት አለው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እሳት ቢያቃጥልስ?

ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ። ሩጫ እሳት ያባብሳል። መሬት ላይ ይተኛና ይንከባለል፤ ወይም በጋቢ ይጠቅለል። በመጥበሻ ያለ ዘይት ሲያያዝ ውሃ አታፍሱበት፤ እሳቱ ይረጫል። አክንባሎ ወይም ክዳን ክደኑበት።

የተቃጠለ አካል ላይ ወዲያውኑ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ። ለስንት ጊዜ? ለ20 ደቂቃ። ሰዓት ከሌላችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ 60 ቁጠሩ። ይህ 1 ደቂቃ ያህል ነው። እንዲህ 20 ጊዜ ቁጠሩ። ቀለበትና አምባር ካለ ከማበጡ በፊት ይውጣ። ቅቤ፣ ጭቃ፣ እበት፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። እነዚህ ቁስሉን ያመረቅዙታል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቃጠሎው ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ፣ ትንሽ ቢመስልም አትዘግዩ።

ምድጃን መለወጥ የፈለገ

ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በአገራችን የተሠራው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከሲሚንቶና ከድቃቂ ድንጋይ ይሠራል። 6 ቁራጮች አሉት። 4ቱ ምጣዱን ዙሪያውን ይከቡታል። 2ቱ ከኋላ ሆነው ጭሱን ያሳልፋሉ፤ ድስትም ይጣድባቸዋል። እሳቱ የተከበበ ስለሆነ ነበልባሉ ቀሚስ አይነካም። ማገዶም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ሊያተርፍ ይችላል።

እስቲ እናስላ። አንድ ቤት ለእንጀራ በሳምንት 2 ሸክም እንጨት ያነዳል እንበል። ዓመት 52 ሳምንት ነው። 2 ሲባዛ በ52፣ 104 ሸክም ይሆናል። ግማሹ ቢተርፍ 52 ሸክም ነው። አንድ ሸክም ለመልቀም ግማሽ ቀን ቢፈጅ፣ 26 ቀን ተረፈ ማለት ነው። ልጅቷ በእነዚህ 26 ቀኖች እንጨት ከምትለቅም ትምህርት ቤት ትውላለች።

ነገር ግን ምርጥ ምድጃም ቢሆን ካልተጠበቀ ምርጥነቱ ይቀራል። ቁራጮቹ የሚገናኙበት ቦታና የምጣዱ ዳር በጭቃ ይመረግ። ጭስ ከኋላው ቀዳዳ ብቻ ይውጣ። በሌላ በኩል ጭስ ካያችሁ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ፈልጋችሁ ድፈኑት።

የምድጃ ደብተር

አሁን መጻፍ ችላችኋል። መጻፍን ለሥራ እናውለው። ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ለምድጃ ስጡ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

በየቀኑ፦ አመድ ማውጣት፤ ማታ ማዳፈን።
በየሳምንቱ፦ ጉልቻና ምጣድ መፈተን።
በየወሩ፦ ጥቀርሻ መጥረግ።
በግንቦት፦ እንጨት መከመር፤ መስኮት ማየት፤ መደብ መምረግ።

ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ሥራው የተሠራበትን ቀንና የሠራውን ሰው ስም ጻፉ። ስም ሲጻፍ ሥራ አይረሳም። «እኔ እኮ አንተ የሠራኸው መስሎኝ» የሚባል ነገርም ይቀራል። ማንበብ የማይችል ሰው በቤት ካለ እናንተ አንብቡለት።

ጥያቄዎች

አንብባችሁ ስትጨርሱ ከጎረቤት ጋር ተወያዩ።

1. ከምድጃ የሚመጡት ሦስቱ ጉዳቶች ምን ምን ናቸው?
2. ትኩስ አመድ ከጭድ አጠገብ ቢደፋ ምን ይሆናል?
3. ከሰል በሚነድበት ቤት መተኛት ለምን አይገባም?
4. እጁ የተቃጠለ ልጅ ብታዩ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
5. በእናንተ ቤት ጥቀርሻ የተጠረገው መቼ ነው?

እነዚህን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ ምድጃ፣ ጉልቻ፣ ጥቀርሻ፣ ማዳፈን፣ መታፈን።

አምስተኛውን ጥያቄ ስትመልሱ ዕለቱ ካልታወሳችሁ፣ መጥረጊያው የሚነሣበት ቀን ዛሬ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ኩራዝና ስለ ላምባ አያያዝ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።